ምዕራፍ 7፦ ጠጠርን በላስቲክ

በፍራንክፈርት ምሥራቃዊ በኩል ሃናወር ላንድሽትራሰ የሚባል ረጅም ጎዳና አለ። የመኪና መሸጫዎች ግራና ቀኝ የተሰለፉበት ሰፈር ነው፤ ከትንሿ የከተማ መኪና ጀምሮ ዋጋዋ ቤት ይገዛል እስከሚባልላት የስፖርት መኪና ድረስ በመስታወት ውስጥ ተኮልኩለው ይታያሉ። እዚያ ያገለገለ ፖርሽ ሊገዛ የመጣ ነገር አዋቂ ሰው ሞተሩን አስነሡልኝ ብሎ አይጀምርም። ይንበረከካል። ፊቱን ከፓራውልቱ ጋር ያስተካክልና የስልኩን መብራት በአግድም ይለቅበታል። ከሁለት እርምጃ ርቀት እንደ መስታወት ያብለጨለጨው ቀለም ያን ጊዜ ገመናውን ያወጣል። ዝንብ ያረፈች የምትመስል ነጥብ፣ አጠገቧ ሌላ፣ ከፍ ብሎ ኮፈኑ ጫፍ ላይ ሦስት አራት። ጥፍር ሲያስጠጉባት ጠርዟ ይይዛል፤ መሐሏ ግራጫ ነው፤ ከከፋች ደግሞ ቡናማ።

ጀርመኖች ሽታይንሽላግ ይሉታል፤ የድንጋይ ምት ማለታቸው ነው። እኔ የጠጠር ንክሻ እለዋለሁ፤ ቀለሙን ነክሶ ይዞ ይሄዳልና። ንክሻው የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይናገረውን ይናገራል። ከከተማ ሳትወጣ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና አፍንጫዋ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ከጭነት መኪና ኋላ ኋላ በአውቶባን፣ ማለትም በጀርመን የፍጥነት መንገድ፣ 20 ሺህ የሮጠችው ግን ፊቷ ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል።

ለፍራንክፈርት ጠጠር ሩቅ አይደለም። ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ ላንግነር ቫልድዜ የሚባል ሐይቅ አለ። ሐይቅ ይባል እንጂ ተፈጥሮ አልሠራውም፤ አሸዋና ጠጠር ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት ነው። በበጋ ሰው ይዋኝበታል፤ አይረንማን የተባለው የፍራንክፈርት ውድድር ተካፋዮችም የሚዋኙት እዚያ ነው። አሸዋና ጠጠሩ ግን ዛሬም ይወጣል፤ በጭነት መኪናም ይጓዛል። ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ ኤ-5 የተባለው አውቶባን ያልፋል። ወደ ሰሜን ጥቂት ሲሄዱ ይኸው መንገድ ከኤ-3 ጋር ይሻገራል። መሻገሪያው ፍራንክፉርተር ክሮይትስ ይባላል፤ በ1956 ተከፈተ፤ ዛሬ በቀን ከ300 ሺህ በላይ ተሽከርካሪ ያስተናግዳል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ወራትና ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለንክሻው ብዙ ሰው የሚጠረጥረው በጭነት መኪናው ላይ የተጫነውን ጠጠር ነው። ዋናው ጥፋተኛ ግን መሬት ላይ የተኛው ነው። ከግንባታ ቦታ የወጣ መኪና በጥንድ ጎማው መሐል ጠጠር ሸጉጦ ይመጣል፤ ፍጥነት ሲጨምር ይተፋዋል። አለዚያም አስፋልቱ ላይ የተኛችውን ጠጠር ጎማው ጠርዟን ይረግጥና ወደ ላይ ያፈናጥራታል። ጠጠሯ ወደ ፊት ብዙም አትሄድም፤ አየር ላይ ትንሳፈፋለች። ያን ጊዜ ከኋላ የምትመጣው መኪና ትደርስባታለች። ስለዚህ ነገሩን ገልብጡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠጠሯ መኪናዋን አትመታም፣ መኪናዋ ናት ሮጣ ጠጠሯን የምትመታት። የምቱን ጉልበት የሚወስነውም የእናንተው እግር ነው።

ጉልበቱ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ግራም የምትመዝን ጠጠር፣ ማለትም ከሽምብራ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብትገጥማችሁ ምቷ አንድ ኪሎ መዶሻ ከአራት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚያሳርፈውን ያህል ነው። በ200 ኪሎ ሜትር ያው መዶሻ ከ16 ሴንቲ ሜትር እንደ ወደቀ ቁጠሩት፤ ያውም ጉልበቱ ሁሉ ምስር በማታህል ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ። የኤ-5 አንዳንዱ ክፍል የፍጥነት ገደብ የለውም፤ 200 እዚያ ወሬ አይደለም።

ይኸው መንገድ ከዚያም የበለጠ አይቷል። ከፍራንክፈርት ወደ ዳርምሽታት የሚወስደው ክፍል በግንቦት 1935 ሲከፈት የናዚ መንግሥት ከሠራቸው አውቶባኖች የመጀመሪያው ነበር፤ ቀጥ ያለ በመሆኑም የፍጥነት ክብረ ወሰን መሞከሪያ አደረጉት። ጥር 28 ቀን 1938 ጠዋት ሩዶልፍ ካራቺዮላ በመርሴዲስ በሰዓት 432.7 ኪሎ ሜትር ሮጠበት። በዚያው ዕለት ተፎካካሪው በርንት ሮዘማየር በአውቶ ዩኒየን መኪና ክብረ ወሰኑን ሊሰብር ወጣና ሞርፈልደን አጠገብ መኪናው ከመንገድ ወጥታ ሞተ። ዛሬም በመንገዱ ዳር ማስታወሻ ቆሞለታል። የእሱ ሞት ከጠጠር ጋር አይገናኝም፤ የጎን ነፋስ ነው የተባለው። እኔ እዚህ ያነሣሁት ለስሌቱ ነው፤ በካራቺዮላ ፍጥነት ያቺ የአንድ ግራም ጠጠር በ100 ኪሎ ሜትር ከምታሳርፈው 19 እጥፍ ገደማ የሚሆን ጉልበት ይዛ ትመጣ ነበር።

አሁን ከጠጠሯ ፊት የሚቆመውን እንይ። ይህን መጽሐፍ በወረቀት የምታነቡት ከሆነ የያዛችሁትን ገጽ በሁለት ጣት ቆንጥጡት። ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የአዲስ መኪና ቀለም በሙሉ፣ ከላሜራው አንሥቶ እስከ ላይኛው ጸዳል ድረስ፣ ይህን ያህል ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው።

በዚያች ውፍረት ውስጥ ግን አምስት ነገር አለ። ላሜራው መጀመሪያ ፎስፌት በተባለ ጨው ይታጠብና አንድ ሁለት ማይክሮን የሚሆን ሸካራ ልባስ ይይዛል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቀጥሎ ቦዲው እንዳለ ገንዳ ውስጥ ይነከርና በኤሌክትሪክ ኃይል ጸረ-ዝገቱ በየስርጓጉጡ እንዲለጠፍ ይደረጋል፤ ወደ 20 ማይክሮን። በዚያ ላይ መሙያ የሚባለው ንብርብር ይመጣል፤ ወደ 30። ከዚያ እናንተ ቀይ ወይም ጥቁር ብላችሁ የምትጠሩት እውነተኛው ቀለም፣ ወደ 15። በመጨረሻ ቀለም ቀቢዎቻችን ክሊር የሚሉት፣ ብርሃን የሚያሳልፈውና ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው፣ ወደ 40። ሰዎች ስለ መኪና ቀለም ሲያወሩ የሚያወሩት ስለዚያች 15 ማይክሮን ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት ግን ሌሎቹ ናቸው።

በተለይ መሙያው። ስሙ ጎድጓዳ ለመሙላት ብቻ የተቀባ ያስመስለዋል እንጂ ዋና ተግባሩ መሥዋዕት መሆን ነው። ጠጠር ክሊሩን ሲመታው የምቱ ሞገድ በንብርብሮቹ አልፎ ላሜራው ጋ ይደርስና ይመለሳል። ሲመለስ ቀለሙን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ንብርብሮቹ የሚላቀቁት ማጣበቂያቸው በደከመበት ነው። ኬሚስቶች ታዲያ መሙያውን ለጠጥ ያለ አድርገው ይቀምሙታል፤ ጉልበቱን እንዲውጥ፣ መሰበር ካለም እሱ በገዛ ሆዱ እንዲሰበርና ከሥሩ ያለው ጸረ-ዝገት እንዲተርፍ። ንክሻዋ መሐል ግራጫ ካያችሁ መሙያው ግዳጁን ተወጥቷል ማለት ነው። ብረት ካያችሁ አልቻለም። ቡናማ ካያችሁ እናንተ ዘግይታችኋል።

ፋብሪካዎች ይህን በዘፈቀደ አይተዉትም። የቀለም ናሙና የተቀባ ሰሌዳ በ54 ዲግሪ ያጋድሉና ግማሽ ኪሎ ማዕዘናም የብረት ጥራጊ በታመቀ አየር ይተኩሱበታል፤ ከዚያ ይደግሙታል። የተላጠውን በማጣበቂያ ቴፕ አንሥተው ሰሌዳውን ከተዘጋጁ ሥዕሎች ጋር እያስተያዩ ነጥብ ይሰጡታል። የብርዱም ነገር አለ። ቀለም የፕላስቲክ ዘመድ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይሰበራል። በሐምሌ ምልክት ብቻ ትታ የምታልፍ ጠጠር በጥር ቅርፊት ታነሣለች። ጥር ደግሞ በጀርመን መንገድ ላይ ጨው የሚነሰነስበት ወር ነው፤ ጨው የተገለጠ ላሜራ ሲያገኝ ዝገቱን ያጣድፈዋል። በምዕራብ ጀርመን ብረት ጥርስ ያለው የክረምት ጎማ በ1975 ባይከለከል ኖሮ ነገሩ ከዚህም በባሰ ነበር፤ ያ ጎማ አስፋልቱን ራሱን እየፈለፈለ ጠጠር ያመርት ነበር።

የስፖርት መኪና ከሌላው የሚለይባቸው ነገሮች ሁሉ በዚህ ጉዳይ ይቃወሙታል። አፍንጫው ዝቅ ያለ ነው፤ ጠጠሩ ገና ከመሬት ሲነሣ ያገኘዋል። ጎማው ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ሲሞቅ እንደ ማስቲካ ጠጠር ያነሣል። ያነሣውንም የሚተፋው በራሱ ጎን ላይ ነው። ስለዚህ የስፖርት መኪና ግማሹ ንክሻ የሰው፣ ግማሹ የራሱ ሥራ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው መኪና የተወለደው ሽቱትጋርት ቢሆንም ለዓለም የታየው በፍራንክፈርት ነው። ፖርሽ 901 ብሎ የሰየመውን አዲስ መኪናውን በፍራንክፈርቱ የአውቶሞቢል ትርኢት ያቀረበው መስከረም 12 ቀን 1963 ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1956፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት! ፔዦ መሐሉ ላይ ዜሮ ያለበት ሦስት አኃዝ የእኔ ነው ብሎ ስለ ተቃወመ ስሙ 911 ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1973 በዚያው ትርኢት የቱርቦው ናሙና ታየ። ቱርቦው የኋላ ጎማው ሰፍቶ ፓራፋንጎው እንደ ዳሌ ወደ ውጭ ወጣ፤ የፊት ጎማ የሚተፋውን ጠጠር በሙሉ የሚቀበለውም ያ ዳሌ ሆነ። ስለዚህ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቱርቦው የኋላ ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ ጥቁር መከላከያ ይለጠፍ ነበር። አንዳንዱ ጌጥ ይመስለዋል። ዛሬ ግልጽ ሆኖ ዓይን አይገባም እንጂ ከፋብሪካው የሚወጣ 911 ዳሌው ላይ የተለጠፈ ላስቲክ አለው። ኮፈኑን ግን ፋብሪካው ለባለቤቱ ትቶታል።

(ትርኢቱ ከፍራንክፈርት ሄዷል። በ2019 ለመጨረሻ ጊዜ ተካሂዶ በ2021 ሙኒክ ገባ። ከተማዋ እስካሁን ቅር ይላታል።)

እዚህ ላይ ፍርሃቱን ትንሽ ማብረድ አለብኝ። የጠጠር ንክሻ መኪና አይገድልም። ፖርሽ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የ911ን ቦዲ በዚንክ ከተለበጠ ላሜራ ይሠራል፤ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። የብዙ ዘመናዊ የስፖርት መኪና ኮፈን አልሙኒየም፣ ፓራውልቱ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ አይዝግም፤ ያስቀይማል እንጂ። አልሙኒየም ቡናማ አይዝግም፤ ጨው ከገባበት ግን ከቀለሙ ሥር ነጭ ዱቄት እያወጣ ያቆጠቁጣል። እና ቀለሙን ከጠጠር ለማዳን ገንዘብ ማውጣት ለምን? መልሱ ውበትና ዋጋ ነው። ‘ታዲያ ንክሻው ሲበዛ ማስቀባት ነዋ’ ትሉ ይሆናል፤ እኛ አገር ባትላሜራና ቀለም ቀቢ በየጋራዡ ስላለ። በጀርመን የስፖርት መኪና ገበያ ግን እንደገና የተቀባ ኮፈን ጥርጣሬ ነው። ገዢው ከኪሱ የክብሪት ሳጥን የምታህል መለኪያ ያወጣና ኮፈኑ ላይ ያሳርፋታል። 110 ካለች ኦሪጅናል ነው። 280 ካለች ‘ምን ደርሶበት ነው?’ ይላል፤ ሻጩ ጠጠር ነው ብሎ ቢምል የሚያምነው የለም። ንክሻውን ለመሸፈን የተከፈለው ገንዘብ ዞሮ ከመኪናው ዋጋ ይቀነሳል። ለዚህ ነው ቀለሙን ከመጀመሪያው ማዳን የሚሻለው።

ማዳኛው የተጸነሰበትን ታሪክ ለማየት ከሃናወር ላንድሽትራሰ ወደ ምዕራብ፣ ቬስትኤንድ ወደሚባለው ሰፈር መሻገር ነው። እዚያ ሃንስ ፖልሲግ የነደፈው፣ ቅስት ሆኖ የተዘረጋ ግዙፍ ሕንጻ አለ። ዛሬ የጎተ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሳይቆም የሚሽከረከረው በር የለሽ አሳንሰሩ ተማሪዎችን ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ ከእነሱ መሐል የእኛም ልጆች አይጠፉም። በ1930 ገደማ ሲጠናቀቅ ግን የኢ.ጌ. ፋርበን ዋና መሥሪያ ቤት ነበር፤ በዘመኑ ከዓለም ግዙፍ የኬሚካል ኩባንያዎች አንዱ። በ1937 በዚህ ኩባንያ የሌቨርኩዘን ላቦራቶሪ ኦቶ ባየር ከባልደረቦቹ ጋር አዲስ ዓይነት ፕላስቲክ ሠርቶ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ ፖሊዩሬቴን። (የአስፕሪኑ ባየር ዘመድ አይደለም፤ የስም መገጣጠም ነው።) ይኸው ኩባንያ በጦርነቱ ጊዜ አውሽቪትስ አጠገብ ፋብሪካ ከፍቶ እስረኞችን በባርነት አሠርቷል፤ ለመርዝ ጋዝ የዋለውን ሲክሎን ቤ በሚነግደው ድርጅትም ድርሻ ነበረው። ስለ ሕንጻው የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይጠቅስ ማለፍ የለበትም።

ፖሊዩሬቴን እንግዳ አይምሰላችሁ። ስንቶቻችን የተኛንበት ስፖንጅ ፍራሽ እሱ ነው። በአንድ አቀማመም ስፖንጅ፣ በሌላው የጫማ ሶል፣ በሌላው መስታወት መሳይ ግልጽ ላስቲክ ይሆናል። የጋራ ጠባያቸው ተጭነው መመለሳቸው ነው።

ላስቲኩ መኪና ላይ የደረሰው በሰማይ ዞሮ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ክንፍ ጠርዝ በአሸዋ እየተበላ አስቸገረ፤ ሦስት-ኤም የተባለው ኩባንያ በራሱ የሚጣበቅ የፖሊዩሬቴን ላስቲክ ሠራለት። በኋላ የእሽቅድምድም ሰዎች ያንኑ አምጥተው በመኪናቸው አፍንጫ ላይ ለጠፉት። የመጀመሪያዎቹ ወፍራም፣ ደብዛዛና ፀሐይ ሲያያቸው የሚበጫጩ ነበሩ፤ ነጭ መኪና ላይ ሲለጠፉ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ ይመስላሉ። ብጫውን ያመጣው በቅመሙ ውስጥ የነበረው አሮማቲክ የሚባል ቀለበታዊ ሞለኪውል ነበር፤ በሌላ ዓይነት ሲተካ ቀረ። የዛሬው ላስቲክ በገበያው ፒፒኤፍ ይባላል፤ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይወፍራል፤ ከሥሩ ማጣበቂያ፣ ከላዩ ስስ ልባስ አለው። ያ ልባስ በመኪና ማጠቢያ ጨርቅ የተጫረ ጭረት በፀሐይ ወይም በሙቅ ውሃ ሲሞቅ ራሱን ይዘጋል። የሚዘጋው ግን ጭረት ብቻ ነው፤ የተቀደደ አይድንም።

ከቀለሙ ራሱ እጥፍ የማይሞላ ላስቲክ እንዴት ጠጠር ያቆማል? እንቁላል ግድግዳ ላይ ወርውሩ፤ ከዚያ ሌላውን ሁለት ሰው በዘረጋው ነጠላ ላይ። ፍጥነቱ ያው ነው፤ ነጠላው ግን ይሸሻል፣ ምቱን በጊዜም በስፋትም ያከፋፍለዋል። ክሊር ግድግዳ ነው፤ ፖሊዩሬቴን ነጠላ። እጅግ ስለታም ወይም ትልቅ ጠጠር ነጠላውንም ይበሳዋል፤ ያን ጊዜ የሚጣለው ላስቲኩ ነው፤ የፋብሪካው ቀለም ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።

ላስቲኩ በአንድ መኪና ላይ ሲለጠፍ ቆሜ ያየሁት ከተማው ዳር ባለ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ነው። የሚለጥፈው የጎንደር ልጅ ነው፤ የወርክሾፑ መብራት እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል፣ መሬቱ እርጥብ። ‘አቧራ እንዳይነሣ ነው ጋሼ’ አለኝ፤ ‘ጃኬትዎን እዚያ ይስቀሉልኝ፣ ሱፍ ይበናል።’ ኮፈኑን አጠበው፤ እንደ ሊጥ በሚታሸት ሸክላ አሸው፤ ሸክላው ንጹሕ ከመሰለው ቀለም ላይ ጥቁር ነገር እያነሣ መጣ። ‘የፍሬን ብናኝ ነው’ አለ። ከዚያ በአልኮል ወለወለው። ላስቲኩ ለዚያች መኪና ልክ በማሽን ተቆርጦ የመጣ ነው። ኮፈኑንም የላስቲኩን ማጣበቂያም በሳሙና ውሃ አርከፈከፈና አለበሰው። ላስቲኩ በውሃው ላይ እየተንሸራተተ ቦታውን ሲይዝ በጎማ መግፊያ ከመሐል ወደ ዳር ውሃውን ይገፋው ጀመር፤ አንድ ጊዜ ግፊት፣ አንድ ጊዜ ጨርቅ። ኮፈኑ ሠላሳ ደቂቃ አልፈጀበትም። የፓራውልቱ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ጠፍጣፋ ነገር ክብ ላይ ማልበስ ቀሚስ እንደ መስፋት ነው፤ ብዙ ከለጠጡት ማጣበቂያው ይሰነጠቅና የብር መስመር ይታያል፣ ጥቂት ከለጠጡት ያጨማድዳል። በሙቅ አየር እያለሰለሰ፣ እየጎተተ፣ ሁለት ጊዜ አንሥቶ እንደገና ለጠፈው። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብዬ ጠርዙን ፈለግሁት፤ አጣሁት። ወደ ውስጥ አጥፎታል። ‘ጥቂት ውሃ አዝሎ ታያለህ፣ በሳምንት ይደርቃል’ አለ ለመኪናው ባለቤት በጀርመንኛ። ለእኔ በአማርኛ ያለኝ ሌላ ነው፤ ‘ከሥሩ አንዲት ጸጉር ካየሁ ግን ሌሊቱን አልተኛም።’

የፊቱ ክፍል ብቻ፣ ማለትም ፓራውልት፣ ኮፈን፣ የፊት ፓራፋንጎዎችና ስፖኪዮ፣ ከአንድ ሺህ ዩሮ በላይ ያስወጣል፤ ሙሉ መኪና ብዙ ሺህ። ብዙው ገንዘብ የእጅ ዋጋ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከአውቶባን ለማይወርድ መኪና ፊቱንና የኋላ ዳሌውን ማስለጠፍ ይበቃል፤ ጣሪያና በር ላይ የሚወጣው ገንዘብ ለጠጠር ሳይሆን ለልብ ዕረፍት የሚከፈል ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ሞኝነት ላውጋችሁ። የእኔ መኪና ስፖርት አይደለችም፤ ዕድሜ የጠገበች ጥቁር ጎልፍ ናት። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ‘ሴራሚክ እንቀባልዎታለን፤ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ጠጠር አይነካዎትም’ አለኝ። ድንጋይ የሚለው ቃል አታለለኝ። ከፈልሁ። መኪናዬ ለሦስት ወር ውሃ ሲነካት እንደ ቅባት ታንጠባጥብ ነበር፤ ደስ ይል ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ኮፈኗ ላይ 11 አዲስ ንክሻ ቆጠርሁ። ተመልሼ ስሄድ የተነገረኝ ‘ሴራሚክ ባይኖር 30 ይሆን ነበር’ የሚል ነው። ሊፈተን የማይችል መልስ!

ሴራሚክ መጥፎ ነገር አይደለም። እድፍ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ እጥበት ያቀልላል፣ የወፍ ኩስ ቶሎ እንዳይበላ ያዘገያል። ውፍረቱ ግን አንድ ሁለት ማይክሮን ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ጥንካሬውም ለጠጠር ግድግዳ መሆን እንጂ ነጠላ መሆን አይደለም። ሰም ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ቀድሞ በአሜሪካ በአፍንጫ ላይ የሚታሰር የሰው ሠራሽ ቆዳ ጭምብል ፋሽን ነበር፤ ጠጠሩን ያቆማል፣ ነገር ግን ከሥሩ አሸዋና እርጥበት ይዞ በነፋስ እየተርገበገበ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። እንኳን ቀረ።

ከሁሉም ርካሹ መከላከያ በጀርመን የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚነገር ነው፤ ሃልበር ታሆ፣ የፍጥነት መለኪያው ግማሽ። በ100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ከፊታችሁ ካለው ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ። ሕጉ ለፍሬን የታሰበ ነው፤ ለጠጠርም ይሠራል፤ የተፈናጠረው ሁሉ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት መሬት ይወርዳልና። ኮረኮንች ላይ ከአይሱዙ ኋላ የነዳ ሐበሻ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ አውቶባን ሲገባ ነው የሚረሳው። ኢንሹራንስም ተስፋ አይሆንም። በጀርመን ከፊል ዋስትና የተሰበረ የፊት መስታወት ይሸፍናል፤ የተላጠ ቀለም ግን አይሸፍንም። ከፊት የነበረውን ሾፌር መክሰስ ብትፈልጉ፣ ጠጠሩ ካልታሰረ ጭነት መውደቁን ካላስረዳችሁ በቀር፣ ጎማው ከአስፋልት ስላፈናጠረው ጠጠር ፍርድ ቤት እምብዛም አይፈርድላችሁም።

ንክሻው ከደረሰ በኋላስ? ጨው ሳይቀድማችሁ በዚያው ሳምንት ሥሩት። የቀለሙ ቁጥር በብዙ መኪና በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም በአገልግሎት መጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል፤ በዚያ ቁጥር ትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል። ቦታውን በአልኮል አጽዱ፤ ቡናማ ካለ ፍቁት፤ ከብልቃጡ ጋር ያለውን ብሩሽ ተዉት፣ ለጥርስ የተሠራ እንጨት ይሻላል። ጸረ-ዝገቱን አንድ ጠብታ፣ ሲደርቅ ቀለሙን፣ እንደገና ሲደርቅ ክሊሩን። በአንዴ ጉድጓዱን ልሙላ ያለ ሰው ኪንታሮት ይተክላል። ከሁለት እርምጃ አይታይም፤ የተንበረከከው ገዢ ግን ያየዋል፣ አይቶም ደስ ይለዋል፤ ባለቤቱ መኪናውን ይከታተል እንደ ነበር ምልክት ነውና።

እና ወደ ሱቅ ስትገቡ፣ ፍራንክፈርትም ይሁን አዲስ አበባ፣ ሻጩ ስለ ጥንካሬና ስለ ጸዳል ሲያወራ ታግሣችሁ ስሙት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ ስንት ማይክሮን ነው? መቶ ሃምሳ ካላለ ለጠጠር ብላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።